የቁራ መልእክተኛ የሆኑ አፖች፦ ቦሌ ላይ የሚሠራው ጫግኒ ላይ ለምን ይከዳል?

ሄዶ ለሚቀር መልእክተኛ አማርኛ ስም አውጥቶለታል፤ «የቁራ መልእክተኛ» ይለዋል። ኖኅ ከመርከቡ የላከው ቁራ ወሬ ይዞ አልተመለሰም። ኖኅ ግን ብልህ ነበር። ቁራውን እየጠበቀ መስኮት ላይ ደርቆ አልቀረም፤ ርግብ ላከ።

ዛሬ በየሰዉ ስልክ ላይ ከተጫኑት አገር በቀል አፖች ብዙዎቹ ይህን ብልሃት አያውቁትም። ጥያቄ ይልካሉ፣ መልስ ይቀራል፣ እነሱም ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ እያሽከረከሩ ይቀመጣሉ። ይህንንም «ዲጂታል አገልግሎት» ይሉታል።

ነገሩ የባለሙያ ወግ ይመስላል እንጂ አይደለም። የዳቦ ጉዳይ ነው።

አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ይታሰብ። ቦታው ጫግኒ ነው፤ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከእንጅባራ በስተምዕራብ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ። ማለዳ ማደያ ተሰልፎ ተራው ደርሷል፤ ነዳጁም ተቀድቷል። የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ ይሁን የተባለው በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015፣ በመላ አገሪቱ ደግሞ ከሚያዝያ 30 ቀን 2015 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሰውየው ጥሬ ብር ኪሱ ውስጥ ቢኖርም ስልኩን ያወጣል። መጠኑን ይጽፋል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል፣ «ክፈል» የሚለውን ይጫናል።

ክቧ መሽከርከር ትጀምራለች።

አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ከኋላ ጡሩንባ ይነፋል። ነዳጅ ቀጂው «መልእክት አልገባልኝም» ይላል። አሽከርካሪው አፑን ዘግቶ ይከፍታል፣ እንደገና ይጫናል። አሁን ተሳካ፤ ደረሰኝ መጣ። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ሒሳቡን ያያል፤ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል። የቀኑ ትርፍ ሄደ። ስልክ ደውሎ ሲያመለክት የሚሰጠው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው፦ «ሲስተም ነው፣ ይጠብቁ።»

ሲስተም ነው! ይህች ቃል በዚህ አገር የስንቱን ጥፋት ሸፈነች? ሲስተም ሰማይ ወርዶ የተተከለ ነገር ይመስል። ሲስተም ሰው የጻፈው ነው። ሰው የጻፈው ስህተት ደግሞ ሰው ሊጠየቅበት ይገባል።

ማደያው ላይ የሆነው ምን እንደሆነ በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። ስልክ ላይ ያለው አፕ በራሱ ብር የለውም። ሒሳቡ ያለው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። አፑ «ይህን ያህል ብር ከዚህ ሒሳብ ወደዚያ አዛውር» ብሎ ጥያቄ ይልካል፣ ሰርቨሩ መልስ ይሰጣል። ይህ ጥያቄ የሚገባበትና መልሱ የሚወጣበት መስኮት ኤፒአይ ይባላል። እንደ መሥሪያ ቤት መስኮት ነው፤ ማመልከቻ ይገባበታል፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ይወጣበታል።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ጥያቄው ከሦስት አንዱ ይደርስበታል። አንደኛ፣ ጥያቄው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሰርቨሩም አላየው፣ ብሩም አልተነካ። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ደርሶ ሰርቨሩ «አይሆንም» ይላል፤ ያ እምቢታ ግን ወደ ስልኩ ሲመለስ ይጠፋል። ሦስተኛው ክፉው ነው፤ ጥያቄው ደርሷል፣ ብሩ ተዛውሯል፣ «ተፈጽሟል» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ማደያው ላይ የቆመው ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደገጠመው አያውቅም። አፑም አያውቅም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በደንብ የተሠራ አፕ አለማወቁን ያውቃል። «ክፍያው መፈጸሙን ገና አላረጋገጥሁም፣ እያጣራሁ ነው፣ ደግመው አይክፈሉ» ይላል። በግዴለሽነት የተሠራው አፕ ግን ክብ ያሽከረክራል፤ ወይም «ችግር ተፈጥሯል፣ እንደገና ይሞክሩ» ብሎ ሰውን ወደ ሁለተኛው ክፍያ ይገፋል። «እንደገና ይሞክሩ» የሚለው ምክር ገንዘብ ላይ ሲሆን ምክር አይደለም፤ ወጥመድ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ክቧ ለምን ያለ ልክ ትሽከረከራለች?

ምክንያቱም አልሚው ልክ አላበጀላትም። አብዛኛው አዲስ አፕ የሚሠራው አንድ ጊዜ ተጽፎ በአንድሮይድም በአይፎንም ላይ በሚሠሩ መሣሪያዎች ነው። የጉግል ፍላተር አለ፣ ከፌስቡክ ቤት የወጣው ሪአክት ኔቲቭ አለ፣ የማይክሮሶፍት ዶትኔት ማዊ አለ። መሣሪያዎቹ ጥሩ ናቸው። ለአነስተኛ ቡድን ወጪ ይቀንሳሉ፣ ጊዜ ይቆጥባሉ። ጥያቄ የሚልኩበት ክፍል ግን አልሚው ራሱ ካላስተካከለው በስተቀር ትዕግሥቱ ለከት የለውም። በፍላተር በብዛት የሚሠራበት የኤችቲቲፒ ፓኬጅ አልሚው ካልወሰነለት በቀር የመጠበቂያ ገደብ የለውም። በሪአክት ኔቲቭ የሚጠሩት «ፌች» ራሱን የቻለ የጊዜ ገደብ አብሮት አልተሰጠም። በዶትኔት ያለው ኤችቲቲፒ ክላየንት ገደብ አለው፤ ካልተለወጠ 100 ሰከንድ ነው። ማደያ ሰልፍ ላይ 100 ሰከንድ ስንት እንደሆነ የቆመ ያውቀዋል።

እነዚህን መነሻ ቁጥሮች ያስቀመጡት ሰዎች ጫግኒን አያውቋትም፤ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። የእነሱ ሥራ ለሁሉም የሚሆን መሣሪያ ማቅረብ ነው። ለቦታው መለካት ያለበት እዚህ ያለው አልሚ ነው። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ቁመት ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም። አልሚው ግን የሚለካው የራሱን ቢሮ ዋይፋይ ነው። አፑን ቢሮው ውስጥ ይሠራዋል፣ ቢሮው ውስጥ ይሞክረዋል፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለአለቆች ያሳየዋል፣ ጭብጨባ ይቀበላል። ከዚያ አፑ ወደ ጫግኒ ይወርድና ክብ ያሽከረክራል።

አልሚዎች ሲጠየቁ የሚሰጡት የመጀመሪያ መልስ «ኔትወርክ የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለው። የኔትወርኩ ጉዳይ መድረቅ ካለበት ይደርቅ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለወራት ተዘጋ። ቀኖቹን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። በሚያዝያ «በስልክ ካልከፈላችሁ ነዳጅ የለም» ተባለ፤ በሐምሌ መጨረሻ የስልኩ ኢንተርኔት ጠፋ። በሦስት ወር ውስጥ! አንድ መንግሥት በአንድ እጁ ዜጋውን ወደ ዲጂታል እየገፋ በሌላ እጁ መስመሩን ሲዘጋ ዋጋውን የሚከፍለው ውሳኔው ላይ ያልተጠየቀው ሰው ነው። ይህ ሊባል ይገባዋል፤ ደጋግሞም ሊባል ይገባዋል።

ነገር ግን የመንግሥት ጥፋት የአልሚውን ጥፋት አያነጻም። ኢንተርኔት እንደሚዘጋ፣ እንደሚቆራረጥ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደሚደክም በዚህ አገር የማያውቅ አልሚ የለም። ታዲያ የሚታወቅን ነገር እንደማይታወቅ አድርጎ አፕ መሥራት ምን ይባላል? ክረምት እንደሚመጣ እያወቀ ጣሪያ የሌለው ቤት ሠርቶ «ዝናቡ የእኔ ጉዳይ አይደለም» የሚል ግንበኛ ደመወዝ ይከፈለዋል?

በዚያ ላይ መፍትሔው አገር ውስጥ አለ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብር ከአፑ ሌላ በ*127# ይሠራል። የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብርም እንዲሁ የኮከብና የመሰላል መንገድ አለው። ይህ መንገድ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የስልኩ መስመር እስካለ ድረስ በርካሽ የቁልፍ ስልክም ይሠራል። ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያገኘው በሚያምር አፕ ብቻ አይደለም፤ ስማርት ስልክ የሌለውንም ሰው በር ስለከፈተለት ጭምር ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤትም እንዲሁ በድረ ገጽ ብቻ ሳይሆን በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ሲሰጥ ታይቷል። ቀላሉ መንገድ ብዙ ሰው ያሻግራል። ይህን ትምህርት አይቶ ሁሉንም ነገር ወደ ከባድ አፕ የሚጎትት መሥሪያ ቤት ለሕዝብ እየሠራ አይደለም፤ ለምረቃ ሥነ ሥርዓት እየሠራ ነው።

በዚህች አገር የሲስተም ስህተት እንደሚጎዳው አካል ማንነት ይለያያል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጠረ። ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደበት ገለጸ፤ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የራሱ የሲስተም ችግር መሆኑንም ተናገረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያስታውሳል። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን «መልሱ» አሉ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ አደባባይ ወጣ። ከተወሰደውም አብዛኛው በአጭር ጊዜ ተመለሰ።

ባንኩ ገንዘቡን መጠየቁ ትክክል ነው፤ ያልሠሩበትን መውሰድ ሌብነት ነው። ግን ሚዛኑ ይታይ። ሲስተሙ ባንክን ሲጎዳ በቀናት ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ መጠንና ሰዓት ተለይቶ ታወቀ። ሲስተሙ የባጃጅ አሽከርካሪን ሲጎዳስ? «ይጠብቁ።» መዝገቡ ያው መዝገብ ነው። ሰርቨሩ ሁለቱንም ይመዘግባል። የአንድ አቅጣጫ ስህተት በቀናት የሚታወቅ ከሆነ የሌላውም ሊታወቅ ይችላል ማለት ነው። የጎደለው ቴክኖሎጂ ሳይሆን ፈቃድ ነው።

ምን ይደረግ? ነገሩ ምሥጢር አይደለም፤ ማንም ብቁ አልሚ ያውቀዋል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የጊዜ ገደብ ይበጅለት። አፑ ለምሳሌ 15 ሰከንድ ይጠብቅ፤ ካልመጣ ለሰውየው እውነቱን ይንገረው። «አላውቅም፣ እያጣራሁ ነው» ማለት ውርደት አይደለም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍያ ከስልኩ ከመነሣቱ በፊት የራሱ ቁጥር ይሰጠው። ሰውየው ደግሞ ሲጫን አፑ ያንኑ ቁጥር ይላክ። ሰርቨሩም «ይህን ቁጥር አይቼዋለሁ፣ ከፍዬበታለሁ» ብሎ ሁለተኛ ሳይቆርጥ ያንኑ ደረሰኝ ይመልስ። አንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መዝገብ ቤት ቢገባ ጸሐፊዋ ቁጥሩን አይታ «ይሄማ ገብቷል» እንደምትለው ማለት ነው። ይህም ከውጭ የሚመጣ ጥበብ አይደለም። አገር በቀሉ የክፍያ መተላለፊያ ቻፓ ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ክፍያው መፈጸሙን በዚያው ቁጥር የሚያጣሩበት መንገድም አለው። መሣሪያው እጅ ላይ አለ። ጥያቄው ስንቱ አልሚ ከክፍያው በኋላ ተመልሶ ያጣራል የሚለው ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ያልሆነው ነገር ስልኩ ላይ ይቀመጥ። ቅጽ የሞላ ሰው ኔትወርክ ስለጠፋ ብቻ ከዜሮ መጀመር የለበትም። የሞላው ይቆይለት፣ መስመር ሲመጣ ይላክለት። ትናንት ያየው ዋጋ፣ የሥራ ሰዓት፣ የክፍያ ታሪክ ያለ ኔትወርክም ይከፈት፤ «ይህ የትናንት ነው» የሚል ጽሑፍ ይኑርበት እንጂ።

አራተኛ፣ መልሱ ይቅለል። አንድ ቁጥር ለማሳየት አሥር ፎቶ የሚያወርድ አፕ የድሃን ጥቅል ይበላል። ስልኩ ላይ ያለው መረጃ ካልተለወጠ ሰርቨሩ «አልተለወጠም» ብቻ ብሎ የሚመልስበት መንገድ አለ፤ በድር ቋንቋ 304 ይባላል። ሳንቲም የሚያድን ቁጥር ነው።

አምስተኛ፣ አፑ ሲደግም በጨዋነት ይድገም። ውጤት በሚለቀቅበት ቀን መልስ ያጣ አፕ ሁሉ በየሰከንዱ ቢያንኳኳ የደከመው ሰርቨር ይወድቃል። በመጀመሪያ ሁለት ሰከንድ፣ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎ ስምንት እያሉ መራቅ የተለመደ ነው። በር የሚያንኳኳ እንግዳም እንዲሁ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ሁለት መከራከሪያ ይነሣል። አንዱ «ስልክ ላይ ማስቀመጥ ለደኅንነት አደገኛ ነው» የሚል ነው። ማንም ግን ሒሳቡ ስልክ ላይ ይወሰን አላለም። ብር ስለመኖሩና ስለመዛወሩ የሚወስነው ሁልጊዜም ሰርቨሩ ነው። ስልኩ የሚይዘው ጥያቄውንና ቁጥሩን ነው፤ ያም ተመስጥሮ ይቀመጥ። የሚስጥር ቁጥሩ ይቀመጥ ያለም የለም። ደኅንነትን ሰበብ አድርጎ ስንፍናን መሸፈን አይገባም።

ሁለተኛው «ጊዜና በጀት የለም» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። የአንድሮይድ ማስመሰያው ራሱ የኔትወርኩን ፍጥነት ወደ ኤጅና ወደ ከዚያ በታች ዝቅ የሚያደርግበት ማስተካከያ አለው፤ ያለ ክፍያ። ቦሌ ቁጭ ብሎ የጫግኒን መስመር መሞከር ይቻላል። ጥያቄው ከሄደ በኋላ ኔትወርኩን በጥሶ አፑ ምን እንደሚል ማየት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያልቃል። ይህን ያላደረገ አልሚ ጊዜ አጥቶ አይደለም፤ ጠያቂ አጥቶ ነው።

ዋናው ነጥብ የሚመጣውም እዚህ ነው። ጠያቂው ማነው? አፑን ያዘዘው መሥሪያ ቤት ነው። ባንኩ ነው። ቢሮው ነው። ርክክብ ሲፈጸም የሚታየው ቀለሙና አርማው ነው። «ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ የርክክብ ኮሚቴ ካለ ብርቅ ነው። ለመንገድ ግንባታ የአፈር ምርመራ ይጠየቃል፣ ለድልድይ የጭነት ሙከራ ይደረጋል። አዋጅ 1284/2015 መታወቂያን ዲጂታል ባደረገበት፣ ነዳጅ ያለ ስልክ በማይቀዳበት አገር አፕ ማለት ድልድይ ነው። ያልተሞከረ ድልድይ ላይ ሕዝብ አይነዳም።

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ደግሞ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚል ትልቅ ሥልጠና ተጀምሯል። መልካም ነው። ግን ኮድ ሲሳካ ብቻ የሚያውቅ 5 ሚሊዮን ሰው ከማፍራት ኮድ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ 50 ሺህ ሰው ማፍራት ይሻላል። ጥያቄ መላክ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ነገር ነው። መልስ ሲቀር ለዜጋው እውነቱን መናገር ግን ሙያ ነው፤ ሙያም ብቻ ሳይሆን ሥነ ምግባር ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የሕዝብ አፕ ከመመረቁ በፊት ሦስት ጥያቄ ይመልስ። ኔትወርክ መሀል ላይ ሲቋረጥ ለሰውየው ምን ይለዋል? ሰውየው ሁለት ጊዜ ሲጫን ስንት ጊዜ ይቆርጣል? ኢንተርኔት ጨርሶ ሲጠፋ ሌላ በር አለው? ሦስቱን ያልመለሰ አፕ ርክክብ አይፈጸምለት፣ ክፍያው አይለቀቅ፣ ሪባኑ አይቆረጥ። መላሾቹም አዳራሽ ውስጥ በስላይድ ሳይሆን ጫግኒ መናኸሪያ ቆመው፣ በርካሽ ስልክ፣ በገበያ ቀን ያሳዩ።

በጫግኒ በኩል ወደ ጉባ፣ ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወስደው መንገድ ያልፋል። የከተማው ሰው ለአገር ትልቅ ሥራ የሚሄደው ሲሚንቶና ብረት በደጁ ሲያልፍ ዓመታት ቆሞ አይቷል። ቦንድም ገዝቷል። ይህ ሰው ከአገሩ አልሚዎች የሚጠይቀው ተአምር አይደለም። የላከው ብር ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ እሱን ንገሩኝ ነው የሚለው። ቁራው ከቀረ ርግብ ላኩ። ርግብ መላክ ካልቻላችሁ ደግሞ ቢያንስ ቁራው እንዳልተመለሰ አትደብቁት።